የእሑድ ረጅም ዓረፍተ ነገሮች

ልጄ ውሸታም መሆኗን ያወቅሁት በእንግሊዝኛ ነው። ክፉ ውሸት አይደለም፤ አንጀት የሚበላ ዓይነት ነው። እሷ የምትኖረው ካናዳ፣ እኔ አዳማ። እሑድ እሑድ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ በእነሱ ገና ጠዋት ነው፣ በስልክ ፊት ለፊት እየተያየን እናወራለን። ትንሿ የልጅ ልጄ አማርኛ አትችልም። “አስተምራታለሁ እማዬ” ስትል ስትል ልጅቷ አደገች። ስለዚህ ልጅቷ ትናገራለች፣ ልጄ ትተረጉማለች፣ እኔ ስልኩን እያየሁ ጥርሴን አሳያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ አፏን ስትከፍት የሐምሌ ዝናብ ነች። ትወርዳለች፣ መሀል ላይ ቆም ብላ ጣሪያ ታያለች፣ እንደገና ትቀጥላለች። ስትጨርስ ልጄ “ናፍቀሽኛል ትላለች” ትለኛለች። አለቀ! በሚቀጥለው እሑድም ልጅቷ እጇን እያወናጨፈች፣ አንድ ጊዜ እየሳቀች አንድ ጊዜ እየተኮሳተረች ታወራለች፤ ትርጉሙ ያው “ናፍቀሽኛል ትላለች” ነው። ወይ ጉድ! ናፍቆት በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ይረዝማል? አንድ ቀን “ይቺ ልጅ ሌላ ነገር አታወራም?” ብዬ ጠየቅሁ። “ኧረ እማዬ፣ ልጅ አይደለች፣ ትቀባጥራለች” አለችኝ። እኔ የፈለግሁት እኮ ያንኑ ቅብጥርጥር ነበር። ሰው የልጅ ልጁን በሌላ ሰው አፍ ብቻ አውቆ ይሞታል? ያለ አስተርጓሚ ልሰማት ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እንግሊዝኛ ጨርሶ አላውቅም ማለቴ አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሶደሬ፣ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ፣ አንሶላና ፎጣ ክፍል ነበር የሠራሁት። “ታወል”፣ “ሂር”፣ “ቱሞሮው” እል ነበር። በእነዚህ ቃላት ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ በላሁ። ፈረንጅ ፎጣውን ከሰጡት ሌላ ጨዋታ አይፈልግም። የልጅ ልጄ ግን ፎጣ አልጠየቀችኝም።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ካረፈ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ ድንኳን ተጥሎ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ “አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ” ሲሉኝ ከረሙ። እውነታቸውን ነው፣ አሉ፤ በየቤታቸው። እኔ ቤት ያለው ነፋስ ነው። የአዳማ ነፋስ የግቢውን ቆርቆሮ በር ሲያንኳኳ፣ ሰው የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ የከፈትኩበት ቀን አለ። አቧራ ገብቶ ዓይኔን ሞላው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ያሳፍራል።

እንግዲህ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ፎቁ ላይ ያለ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሄጄ የማታውን ክፍል ተመዘገብኩ። ጎረቤቴ “ካረጁ አይበጁ” ብላ ሳቀችብኝ። “እሱን ለራስሽ ንገሪው” አልኳት።

መጀመሪያ ቀን ስገባ ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። የኮሌጅ ልጆች፣ ባጃጅ የሚነዱ ወጣቶች፣ ከደራ ሽንኩርት እያመጣች የምታከፋፍል አንዲት ሴት፣ ሁሉም “ኖር!” ብለው ቆሙ። የሽንኩርቷ ነጋዴ “አካም ጅርቱ?” ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና እጄን ሳመች። አስተማሪው፣ በዕድሜ ከልጄ እንኳ የሚያንስ፣ “እዚህ ይቀመጡ ማዘር፣ በሞቴ!” ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ክፍሉ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር እሱ ብቻ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ወንበሩ ያለው ሰሌዳው ሥር፣ ፊቱን ወደ ተማሪው አዙሮ ነው። ሁሉም ሰሌዳ ሲያይ እኔ እነሱን ሳይ አመሸሁ። ልነሳ ስል “ኧረ በፍጹም!” ይላሉ። ስንት ሳምንት ያለ ሰሌዳ ተማርኩ!

ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። የባጃጁ ልጅ ሲሳሳት አስተማሪው “‘ጎ’ አይደለም፣ ‘ዌንት’! ስንቴ ልንገርህ?” ይለዋል፤ ክፍሉ ይስቅበታል፤ ልጁም አይረሳውም። እኔ ያንኑ ስሕተት ስሳሳት “ብራቮ ማዘር! አጨብጭቡላቸው!” ነው። ይጨበጨባል። በዚያ “ስንቴ ልንገርህ” በሚለው ነገር ቀናሁ፣ እግዜር ያውቃል። አንድ ምሽት ልፈትናቸው ብዬ ተነሳሁና “ማይ ሃዝባንድ ኢዝ ኦኒየን” አልኩ። ባሌ ሽንኩርት ነው ማለት ነው። አጨበጨቡ። የሽንኩርቷ ነጋዴ እንኳ፣ ከሁሉም የምታውቀው ቃል እሱ ሆኖ ሳለ፣ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች።

ከክፍል ስንወጣ አስተማሪውን ደረጃው ላይ ያዝኩት። “ልጄ፣ እለምንሃለሁ፣ ስሳሳት ንገረኝ” አልኩት። መሬት መሬት እያየ “ማዘር፣ እናቴን የሚያክሉ ሰው እንዴት ብዬ ‘ተሳስተዋል’ እላለሁ?” አለ። “እናትህን ብትወዳት ታርማት ነበር!” አልኩትና ተናድጄ ሄድኩ። ደግሞ ማታውን አሳዘነኝ። ልጁ ምን አጠፋ፣ አሳዳጊውን ነው ያከበረው። ብቻ መከበርም ያስጠላል። ሰው ሁሉ አንቱ ብሎ አልፎህ ሲሄድ፣ ከመንገድ ዳር ሐውልት በምን ትለያለህ?

ስለዚህ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት መልሱ በስተኋላ የታተመበት የሰዋስው መጽሐፍ ገዛሁ። የመልሱ ገጽ ይሉኝታ የለውም። ስሕተት ከሆነ ስሕተት ነው።

አጭሩ ዓረፍተ ነገር አላስቸገረኝም። ያስለቀሰኝ ረጅሙ ነው። አማርኛ ሁሉን ተሸክሞ ይመጣና ግሱን መጨረሻ ላይ ያወርዳል፤ ሰሚው እስከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። እንግሊዝኛ ችኩል ነው። ማን ምን እንዳደረገ ቶሎ ይነግርሽና ከዚያ በ“ዊች” ይቀጥላል፣ በ“ቢኮዝ” ይቀጥላል፣ በ“ኦልዞው” ደግሞ የሰጠሽን መልሶ ይወስድብሻል። እኛ ከፊት የምናስቀድመውን ሁሉ እነሱ ከኋላ ያስከትሉታል። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ በአማርኛ “ወንድሜ ከገበያ የገዛው በግ ያረፈበት ዛፍ ወደቀ” ነው። በእንግሊዝኛው መጀመሪያ ዛፉ ይመጣል፣ ቀጥሎ በጉ፣ ከበጉ ኋላ ወንድሜ፣ ከወንድሜ ኋላ ገበያው፣ ያ ሁሉ ግርግር ካለፈ በኋላ “ወደቀ” ይላል። ማን ነው የወደቀው? እኔ ወንድምየው መስሎኝ ስንት ቀን አዘንኩለት።

ያዳነኝ የአንሶላ ሥራዬ ነው። ትልቅ አንሶላ ለብቻዋ የምታጥፍ ሴት መጀመሪያ ጫፉን ትፈልጋለች። እኔም ጫፍ መፈለግ ጀመርኩ። ዋናው ባለቤት ማን ነው? ዋናው ግስ የቱ ነው? ሁለቱን በእርሳስ አከብባቸዋለሁ፤ የቀረውን ቅንፍ ውስጥ አስገባለሁ። “ዊች” ሲመጣ ቅንፍ እከፍታለሁ፣ ነገሩ ሲያልቅ እዘጋለሁ። “አንለስ” ሲመጣ “ቆይ፣ ቅድመ ሁኔታ አለበት” እላለሁ። “ኢቭን ዞው” ሲመጣ የሚያፈርስ ነገር ከኋላ እንዳለ አውቄ እጠብቃለሁ። እየዋለ እያደረ ለመድኩት። ባጃጅ ውስጥ ሰው በአማርኛ ሲያወራ ሁሉ በልቤ ቅንፍ መክፈት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት ከዚያ ሁሉ መሀል የወደቀው ዛፉ መሆኑ ብልጭ አለልኝና “ገባኝ!” ብዬ ጮህኩ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ማንም “ምኑ?” አላለኝም። የሚነግሩት ሰው የሌለው ደስታ ከልቅሶ ይከፋል፤ እንዲያውም አለቀስኩ።

ለልጄ መማሬን አልነገርኳትም። አንድ ቀን ድንገት ላስገርማት ነበር ሐሳቤ።

ክረምቱ ወጥቶ አንድ እሑድ ልጅቷ በሌሊት ልብሷ፣ ማንኪያ ይዛ፣ ስልኩ ፊት ቀረበች። የእናቷ እጅ ከጎን ሲገፋት ይታያል። ልጅቷ እኔን ሳይሆን እናቷን እያየች መናገር ጀመረች። “አላውቅም” ብላ ጀመረች፤ ጫፉን ያዝኩ። ምኑን ነው የማታውቀው? “ለምን በየሳምንቱ ከእሷ ጋር ማውራት እንዳለብኝ።” ቅንፍ። “የምናገረው አንዱም ሳይገባት።” ሌላ ቅንፍ። ከዚያ “ኢቭን ዞው” መጣ፤ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። “አንቺ ሁልጊዜ ናፍቀሻታል ብትያትም አልናፈቀችኝም፣ ምክንያቱም አላውቃትም።” አራት ነጥብ።

ሁሉም ገባኝ! አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያለችው ነገር የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ልጄ ፈገግ ብላ “ናፍቀሽኛል፣ መቼ ነው የምትመጪው ትላለች” አለች።

“ሺ ኢዝ ራይት” አልኩ። እውነቷን ነው ማለቴ ነው። ከአፌ አመለጠኝ።

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። “ምን አልሽ እማዬ?” አለችና መልሴን ሳትጠብቅ “ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ ቆይ መልሼ እደውላለሁ” ብላ ዘጋችው። አልደወለችም። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩን ሞልቼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አሥር አለፈ። ሌላውም እሑድ እንዲሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ዋሽታ እሷ ትኮራለች እንዴ! ከዚያ ፈራሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሙንም አጣሁት። አንዲት እውነት ተናግሬ ያለችኝን የእሑድ ጨዋታ አጠፋሁ።

ስለዚህ እኔው ደወልኩ። እያመነታች አነሳችው።

“እማዬ፣ ያን ቀን ገብቶሽ ነበር?”

“ምኑ?”

“ልጅቷ ያለችው።”

“ከየት አባቴ ይገባኛል! እዚህ ሰፈር አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አለ። ፈረንጅ ሲናገር ‘ሺ ኢዝ ራይት’ በሉ፣ ጨዋነት ነው ብሎን እኮ ነው!”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ልጄ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ ውስጥ ልቅሶ ነበረበት። ለማመን ቸኩላ ነበር፤ እኔም አመቻቸሁላት። ከባሏ ጋር ተለያይታ፣ ሌላ ከተማ ገብታ፣ አዲስ ሥራ ይዛ፣ የእናቷን ቅያሜ የምትችልበት ጉልበት ከየት ታምጣ።

እሑዱ ተመለሰ። በመጀመሪያው ላይ ልጄ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጠራት መሰለኝ፣ ስልኩን ወተት መያዣ ካርቶን ላይ አስደግፋ፣ ልጅቷን እኔ ፊት ትታ ወጣች። ልጅቷ በሩን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ “ምንም የማይገባሽ ከሆነ፣ ፀጉርሽ መጥረጊያ ይመስላል ብልሽ አትቆጪም ማለት ነው” አለች፣ በእንግሊዝኛ። መጥረጊያ! የራሷን ከማን የወረሰችው መስሏት! እኔ ግን ጥርሴን አሳየሁና በአማርኛ “እኔም ናፍቀሽኛል የኔ እናት” አልኳት። በሳቅ ወደቀች። ከሳቋ ስትመለስ ማንኪያዋን አዞረች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማውራት ጀመረች።

አዲሱ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ስለሌለ፣ ካፖርት የሚሰቀልበት ኮሪደር ሄዳ ነው የምትበላው። ለእናቷ ጓደኛ አለኝ ብላታለች፣ ምክንያቱም የለኝም ብትላት እናቷ ታለቅሳለች። ጓደኛዬ የምትላትን ልጅ ከራሷ ነው የፈጠረቻት፤ ለውሻዋ ስም ሁሉ አውጥታለታለች። “ለአንቺ የምነግርሽ ስለማይገባሽ ነው” አለችኝ።

 “ሚ ቱ” የሚለው ቃል፣ እኔም ብቻዬን ነኝ የሚለው፣ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ብመልስላት ዳግመኛ አትነግረኝም። ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ራሷ “እማ፣ አንቺ ሂጂ” ማለት ጀመረች። ነገረችኝ። ዋና መማር እንደምትፈራ፣ አባቷ ሲደውል ቃል እንደሚጠፋት፣ ማታ መብራት ሲጠፋ እስከ ስንት እንደምትቆጥር ነገረችኝ። ረጅም፣ ቅንፍ በቅንፍ ላይ የተደረበበት ዓረፍተ ነገር ነው የምትናገረው፤ የሚያፍር ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው። እኔም አንድ በአንድ እየከፈትኩ ተከተልኳት። የፈለግሁትን አገኘሁ፣ የልጅ ልጄን አወቅኋት። ግን ሰኞ ሲመጣ ምሳዬን አቅርቤ መልሼ እከድነዋለሁ። ካፖርት ሥር ተቀምጣ ትታየኛለች። ለእናቷ ብናገር ልጅቷን አጣለሁ። ዝም ብል ልጅቷ እዚያው ኮሪደር ትቀራለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ልጅ ግን ይነቅዛል።

በመጨረሻ ለልጄ ደወልኩና “ሕልም አየሁ” አልኳት።

“ደግሞ ጀመረሽ እማዬ!”

“ስሚኝ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ብቻዋን እንጀራ ስትቆርስ አየሁ። ጥሩ ሕልም አይደለም። በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤቷ ሄደሽ እያት።”

“እዚህ እኮ ካናዳ ነው።”

“ካናዳ ሕልም አይሠራም ያለሽ ማን ነው?”

ሳቀች። ግን ልጄን አውቃታለሁ፤ እኛ ቤት የእናት ሕልም ተንቆ አያውቅም። ሥራ አስፈቅዳ ሄደች። በሳምንቱ መሀል እያለቀሰች ደወለች። “ሕልምሽ እውነት ነው እማዬ” አለችኝ። መምህሯን አነጋግራለች፤ ልጅቷንም አዲስ ከመጣች ሌላ ልጅ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሊያስቀምጧት ነው። “እግዚአብሔር ነው ያሳየኝ” አልኩ። እሱም ይቅር ይበለኝ፣ ያሳየኝ ሰዋስው ነው።

ልጅቷ አላወቀችብኝም። ለጥቂት እሑድ ስለ አዲሷ ልጅ፣ በእውነት ስላለችው፣ ነገረችኝ። ከዚያ ወሬዋ አጠረ፣ ደስተኛ ልጅ ብዙ አታብራራም። ከዚያ አንድ እሑድ ስልኩ ላይ ልጄ ብቻዋን መጣች።

“ዛሬ የለችም እማዬ፣ ጓደኛዋ ቤት አድራለች። ናፍቀሽኛል በዪልኝ ብላለች።”

“እሰይ!” አልኩ። ከልቤ ነው፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት። ግን የእኔ እሑድ አለቀች ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

 ልጅቷ ከሌለች የሚተረጎም የለም። እኔና ልጄ በአንድ ቋንቋ እያወራን ስንት ዓመት “ደህና ነሽ?” “ደህና ነኝ” ብቻ ተባብለን መዝጋታችን ያን ጊዜ ታየኝ። እኔ የልጅቷን ረጅም ነገር ሳሳድድ፣ የራሴን ልጅ አጭር ነገር እንደወረደ ተቀብዬ ነበር። አየኋት፤ ከስታለች። ከኋላዋ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ሳህን በክዳን ተሸፍና ተቀምጣለች።

“አንቺስ?” አልኳት። “አንቺ ምሳሽን ከማን ጋር ነው የምትበዪው?”

 ስልኩ የቆመ መስሎኝ ነበር፤ ግን ዓይኗ ይርገበገባል። ጠበቅኋት።

“ማንም የለም እማዬ” አለችኝ።